በአይጥ ማህፀን የተለካ ጉልበት

ባለፈው እሑድ መቅደስ ልትጠይቀኝ ከቡሬ መጥታ፣ ደጃፌ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ አንዲት ወርቅማ እንክብል አውጥታ በመርፌ ወጋቻት። የወጣውን ዘይት በጣቷ እያሸች ፊቷን ቀባችው። ሽታው እየተሳበ መጥቶ አፍንጫዬ ገባ። ደካማ ሽታ ነው፤ የከረመ ዘይት፣ ትንሽም ላስቲክ ላስቲክ የሚል። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እኔን ግን ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ቫይታሚን ኢ ነው እማማ። ቆዳ ያሳምራል። ይሄኛው ደግሞ አራት መቶ ነው፣ ጉልበተኛ ነው» አለችኝ፣ ብልቃጡን ወደ እኔ እያዞረች።

ጉልበተኛ! ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን አልፎ ያችው ቃል በሌላ ሰው አፍ ተመልሳ ቤቴ ገባች። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ የነገሯትን ነው የደገመችው። እኔ ግን በወጣትነቴ ያን እንክብል ፊቴን አልቀባሁትም፤ ዋጥኩት። በውኃ እያወራረድኩ፣ እየተሳልኩ፣ እያለቀስኩ ዋጥኩት። መቅደስን እኔ አልወለድኳትም። የወለደቻት የሺ ትባላለች፤ የቀድሞ ባሌ ከእኔ በኋላ ያገባት ሴት ናት። እንዲያም ሆኖ ልጅቷ እማማ ትለኛለች፤ ዓውደ ዓመት ሲመጣ መጀመሪያ የምትረግጠው የእኔን ቤት ነው። ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ካለ ይስማኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያች እንክብል ውስጥ ነው።

ወታደሩ መንግሥት ሄዶ ታጋዮቹ የመጡ ሰሞን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ ይምታታብኛል፤ የዕንቁላል ዋጋ ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም፤ በስሙኒ ሁለት ነበር፣ ያውም አማርጦ። ፍኖተ ሰላም ያኔ አንድ መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። አውቶቡስ ሲመጣ አቧራው፣ አቧራው ሲነሳ የባለጋሪዎቹ ጩኸት፣ ከጩኸቱ በላይ ደግሞ የካሴት ቤቱ ዘፈን። ካሴት ቤቱ ከእኛ የስፌት ሱቅ ጎን ነበር፤ አንድ ካሴት ካስገባ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ እንደ በሽተኛ ማቃሰት እስኪጀምር ድረስ አያወጣውም። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። በመስታወቱ ራሴን አየሁና «ይህች አሮጊት ማን ናት?» ብዬ ሳቅኩ። ያኔ ግን ወጣት ነበርኩ፤ ሽንሽን ቀሚስ ለብሼ፣ ከላይ ሰማያዊ ሹራብ ደርቤ፣ ወገቤን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ ስሄድ ባለጋሪው ሁሉ ፈረሱን ቀስ ያደርግ ነበር። አይዋሽም።

ባሌ አንሙት ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን አልክድም። የከተማው ወንድ የቴትሮን ሱሪ፣ የገጠሩ ወንድ አረንጓዴ ቁምጣና ኮት ለጥምቀት ይደርስልኝ እያለ ይሰለፍበት ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የአገሩን ክንድ ሁሉ ሲለካ ይውላል። የማንኩሳውን፣ የፈረስ ቤቱን፣ የቡሬውን። «ክንድዎን ዘርጉልኝ አባ» ይላል በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት። አንሙት ይህን ይወድልኝ ነበር። «የእኔ ሚስት ታነባለች» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። ጥሩ ጥሩውንም መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የመጥፎው ልክ አይታይም።

መጥፎው ይህ ነው። ሆዴ ይይዛል፤ አምስተኛው ወር ላይ ሲደርስ ይወርዳል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። በመጀመሪያው ጎረቤት አለቀሰልኝ። በሁለተኛው «ሾተላይ አለባት» ተባለ፤ ልጅ የሚያስቀር መንፈስ ተጠግቷታል ማለት ነው። በሦስተኛው እርጉዝ ሴቶች እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ሳብ አድርገው መንገድ መለወጥ ጀመሩ። እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል፤ የሰፈሩ ሴት ተሰብስቦ እልል እያለ ይበላል። እኔን የሚጠራኝ ጠፋ። የካሴት ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ግድግዳ ብቻ የሚለየን፣ ስትወልድ እልልታውን በግድግዳው ቆጠርኩት። ወንድ ነበር። ቅቤው ሸቶኛል። ያን ቅቤ ዛሬም ሳስበው እንባ አይመጣኝም፤ የሚመጣኝ ንዴት ነው።

አማቴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ በየወሩ ይመጡ ነበር። ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሆዴን ነው፣ ከዚያ ነው ፊቴን። «እንዴት ሰነበትሽ?» ይላሉ ለሆዴ። አንድ ቀን ልጃቸው እየሰማ፣ እኔም እየሰማሁ፣ «የልጄ ዘር መሬት ላይ ሲፈስ እስከ መቼ እያየሁ?» አሉ። አንሙት የስፌት መኪናውን ረገጠው። መኪናው ጮኸ።

የቡሬው አቶ ደምሴ ዘንድ የሄድኩት ገና የመጀመሪያው እንደወረደብኝ ነው። አቶ ደምሴ ቡሬ ላይ፣ የበርበሬ መጋዘኖቹ መሀል፣ መድኃኒት ቤት ነበራቸው። ቀድሞ ቁስል ያጥቡ ነበር አሉ፤ በኋላ ነጭ ጋዋን ለበሱና ሰው ሁሉ ዶክተር አላቸው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። በርበሬው እያስነጠሰኝ ገባሁ። ታሪኬን ሳልጨርስ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አወረዱና ወርቅማ እንክብሎች በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

«ይህ የወሊድ ቫይታሚን ነው። ስሙ ራሱ በፈረንጅ ‹ልጅ የሚያስገኝ› ማለት ነው» አሉኝ።

«ያጸናልኛል ዶክተር?»

«በትክክል ከዋጥሽ።»

በትክክል ዋጥኩ። መቶ የሚል ቁጥር ያለው ነበር። ወረደብኝ። ተመልሼ ሄድኩ። «ጉልበቱ አንሶሽ ነው» ብለው ሁለት መቶውን ሰጡኝ። ሁለት መቶውም አላዳነኝ። በሦስተኛው ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው፣ «እስካሁን የሰጠሁሽ ፋብሪካ የሠራው ነው። ይህኛው ከዕፅዋት የተጨመቀ፣ ያውም አራት መቶ ነው። ይህ ጉልበተኛ ነው። ይህም ካላጸናው እንግዲህ ጥፋቱ ከመድኃኒቱ አይደለም» አሉኝ። ልብ በሉልኝ። ካልሠራ ጥፋቱ ከማን እንደሆነ አስቀድመው ነው የፈረዱት። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ወራቱ ጥቅምት ነበር፤ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የኑጉ ማሳ ቢጫ በቢጫ ሆኖ በአውቶቡሱ መስኮት ያልፋል። ያንን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ማሳውን እያየሁ ነው የሄድኩት። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው።

ጽጌ የምትባል ልጅ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ በሆስፒታሉ ፋርማሲ የተመደበች፣ ሱሪ ለብሳ ብስክሌት የምትነዳ፤ ከተማው በሷ ጉዳይ ተወያይቶ የማይጠግብ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ኑግ በሰፌድ ስለቅም አጠገቤ ተቀመጠችና የእንክብሉን ወረቀት አየችው። አንስታ አሸተተችው።

«ይታይሽ» አለች በስሜ ጠርታ፣ «ማነው ይህን የሰጠሽ?»

ነገርኳት። አቶ ደምሴ ስለ ጉልበቱ ያሉትንም፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ ፋብሪካው ያሉትንም ሁሉ። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «ጉልበቱ በምን እንደሚለካ ነግረውሻል?» አለች።

«በሚዛን ነዋ!»

«በአይጥ ነው።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጥግ ላይ ጥቂት የኑግ ፍሬ ደረደረች። «ይህ የአይጧ ማህፀን ነው በይ። ለምርመራ የሚረቡ ነጭ አይጦች አሉ። ሴቷን ይህ ቫይታሚን ጨርሶ የሌለበት መኖ እየመገቡ ያሳድጓታል። መጽነሱን ትጸንሳለች። ግን መንገድ ላይ ሲደርስ ጽንሶቹ እዚያው ማህፀኗ ውስጥ ሟሙተው ይጠፋሉ።» ፍሬዎቹን በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ አነሳቻቸው። የሰፌዱ ጥግ ባዶ ቀረ።

ሰፌዱን ማየት አቃተኝ። «ከዚያስ?» አልኩ በጭንቅ።

«ከዚያማ ያንኑ መኖ የበሉ ሌሎች አይጦች ያመጣሉ። ለአንዳንዶቹ ከቫይታሚኑ ትንሽ፣ ለአንዳንዶቹ ጨመር አድርገው፣ ለሌሎቹ ደግሞ የበለጠ ይሰጧቸዋል። መውለጃዋ ሲቃረብ ማህፀኗን ከፍተው ስንቱ እንደዳነ፣ ስንቱ እንደሟሟ ይቆጥራሉ። ትንሽ ተሰጥቶ ብዙ ጽንስ ካዳነ፣ ጉልበት አለው ይባላል። ብዙ ካስፈለገ ደካማ ነው። ከዕፅዋት የተገኘውና ፋብሪካ የሠራው እንዲህ ነው የሚወዳደሩት። የዕፅዋቱ ሦስት እጅ የፋብሪካውን አራት እጅ ያህል ይሠራል።»

«ምን ለያቸው? ስማቸው አንድ አይደለም?»

«ግራና ቀኝ ጫማ አስቢ። ዕፅዋቱ የሚሠራው ለእግርሽ የሚሆነውን ብቻ ነው። ፋብሪካው ግን ሁሉንም ደባልቆ ያወጣል፣ ሰውነት የሚቀበለው ከፊሉን ነው።»

«እንግዲያ አቶ ደምሴ እውነታቸውን ነው! የዕፅዋቱ ይበልጣል ብለውኛል።»

«ቆይ። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ልዩነቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ከዕፅዋቱ ቀነስ፣ ከፋብሪካው ጨመር አድርገው ነው ሁለቱንም አራት መቶ የሚሏቸው። አይጧን ያዳነው እኩል ነው ማለት ነው። እሱም ይቅር፤ ዋናውን ነገር ስሚ። ጉልበቱ የተለካው ሆን ብለው ባጎደሉባት አይጥ ላይ ነው። ለጎደላት የጎደላትን መለሱላት፣ ዳነች። ላልጎደላት ግን አራት መቶም አራት ሺህም ያው ነው። አንቺ ደግሞ...» ሰፌዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ኑጉ ዘለለ። «ይህ በእጅሽ ያለው እኮ በዚሁ ቫይታሚን የተሞላ ነው፣ ያውም በተፈጥሮው! ጾም በመጣ ቁጥር በኑግ ዘይት ስትበዪ የኖርሽ ሴት ከየት ይጎድልሻል?»

ያ ቢጫ ማሳ በዓይኔ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ማስነጠስ፣ ያን ሁሉ እጅ መንሳት! ግን ንዴቴን የቀሰቀሰው እሱ ብቻ አልነበረም።

«ጽጌ» አልኳት፣ «አይጧን ምን አሏት?»

«ማለት?»

«ጽንሱ ሲሟሟባት። ሾተላይ አለባት አሏት? ሌሎቹ አይጦች መንገድ ለወጡባት? አማቷ መጥታ ሌላ ላምጣለት አለች?»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «መኖዋ ምን ጎደለው፣ ነው ያሉት» አለች በቀስታ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ያንቺን ደም ያየው ሰው አለ? የባልሽንስ?» አለችኝ።

ማንም አላየውም። ለአይጥ የተጠየቀው ለእኔ አልተጠየቀም ነበር።

ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። ደሜ ታየ። ቂጥኝ ተገኘብኝ። የያዛት ሴት ሳታውቀው ጽንሱን የሚያጠፋ እሱ ነው አሉኝ፣ ሐኪሙ። በፔኒሲሊን ይድናል፤ ግን ባልሽም ደሙን ይስጥ፣ እሱም ይወጋ፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይይዝሻል። እኔ በሕይወቴ ከአንሙት ሌላ ወንድ አላውቅም። አንሙት ግን ከእኔ በፊት መርካቶ ስፌት ሲማር ስንት ዓመት ከርሟል፤ ስለዚያ ዘመኑ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። አሁንም አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት ክንዱን ብቻ ነው።

«እኔ ጤነኛ ነኝ» አለኝ። «የወረደው ከአንቺ ሆድ ነው።»

መርፌዬን ወስጄ ጨረስኩ። ዳግመኛ እንዳይዘኝ ብዬ አልጋ ለየሁ። ይህ ወንጀል ሆነ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ አማቴም ከገበዝ ማርያም ወርደው ተቀመጡ። «ባሏን ከአልጋ አባረረች» ተባለ። ስለ ደሙ ሊሰማኝ የፈለገ የለም፤ አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ያለውን ነገር ሴት አደባባይ አታወጣውም» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ጊዜ ተነሳሁ። ጎጃም ውስጥ ያደገች ሴት ባሏን አንቱ ትላለች፤ እኔም እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው። ያን ቀን ግን እንዲህ አልኩት፦

«አንተ! ያገሩን ሰው ክንድ ሁሉ ዘርጉልኝ ስትል ትውላለህ። ሕፃን አዛውንት ሳይል ይዘረጋልሃል። የራስህን አንድ ክንድ ለአንዲት መርፌ ዘርጋ! ሦስት ልጅ የቀበርኩብህ ሴት የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው!»

ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። መሬት መሬት አየ። ክንዱን አጣጠፈ። ትዳሬ ያለቀው እዚያ ነው፤ ቀሪው የሽማግሌ ወሬ ነው። የልብስ ሳጥኔን በጋሪ ጭኜ ስወጣ ካሴት ቤቱ ያንኑ የላላ ክር ያጫውት ነበር።

ዓመት ሳይሞላው አማቴ የሺን ከገበዝ ማርያም አመጡለት። ገና ልጅ ነበረች። እኔ ጽጌ ባገናኘችኝ ሰው በኩል የሆስፒታሉን ጋዋንና አንሶላ እየሰፋሁ እኖራለሁ። አንድ የገበያ ቀን ወሬ ሰማሁ፦ የሺ አምስተኛ ወሯ ላይ ወረደባት። ደግሞስ ማን አደረገባት ተባለ? እኔ! «የዚያች የፊተኛዋ ዓይን ነው» ብለዋል አማቴ። የእኔ ዓይን! ያን ቀን አሥራ ሁለት አንሶላ ዘመዘምኩ፣ ሁሉንም አጣምሜ።

የሺን ቦኖ ውኃ ላይ አገኘኋት። ስታየኝ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳበች። ስትስበው ከመቀነቷ ሥር አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ወደቀ። ተፈታ። ወርቅማ እንክብሎች ጭቃው ላይ ተበተኑ።

«ስንት ነው የሰጡሽ?» አልኳት።

«ምን እትዬ?»

«መቶውን ነው ሁለት መቶውን?»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «መቶውን» አለች። «ጉልበቱ አንሷል፣ ሁለት መቶውን ለመግዛት ተመለሺ ብለውኛል።»

ልጠላት ነበር የተጠጋኋት፤ ይህን መደበቅ የለብኝም። ግን እዚያ ጭቃ ላይ እንክብል ስትለቅም ያየሁት እሷን አይደለም፤ ራሴን ነው። እንስራዋን ከቦኖው አጥር ጥግ አስቀምጬላት፣ እጇን ይዤ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያው በሽታ ተገኘባት። እሷ ግን እንደ እኔ አልለመነችውም። ወደ ወንድሞቿ ላከች። ሦስት የቋሪት ወንዶች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የልብስ ስፌቱ ሱቅ ገቡ። ትልቁ፣ «አንሙት፣ እጅጌህን ሰብስብ» አለው አሉ። ሰበሰበ። በዚያው ቀን ደሙን ሰጠ፤ በዚያው ሳምንት ተወጋ። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ በተገባ። ተቃጠልኩ እንጂ! ሦስት ልጅ የቀበረች ሚስቱ አልቅሳ ያላስዘረጋችውን ክንድ፣ ሦስት ዱላ በአንድ ቃል አስዘረጋው። ክንዱ አልዘረጋ ብሎት አልነበረም ማለት ነው። የጠያቂው ነገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መቅደስ ተወለደች። የሺ ሰው ልካ ለገንፎው አስጠራችኝ። ሄድኩ። አማቴ ከገንፎው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ ቀድሞ እንደሚያዩኝ ሆዴን ሳይሆን ፊቴን። ከመሀል፣ ቅቤው ካለበት ዝቀው ማንኪያውን በእጄ አስያዙኝ። ይቅርታ አላሉኝም። እስኪሞቱ ድረስ አላሉኝም። እኔም ገንፎውን በላሁ፤ እልል አልኩ፣ ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ፤ ንዴቴን ግን ከገንፎው ጋር አልዋጥኩትም። እነሆ አለ። እኔ ሌላ ባል ሳላገባ ቀረሁ። አቶ ደምሴም በጋዋናቸው፣ በዶክተርነታቸው ተከብረው አረጁ።

ይህን ሁሉ በእሑዱ ከሰዓት ለመቅደስ ዘክዝኬ ነገርኳት። እናቷ ከፊሉን ነግራት ነበር፤ አይጦቹን ግን አታውቅም። ስጨርስ የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች ቆየች።

«እማማ፣ እየዋጥኩትም ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መስከረም ላይ ወረደብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የባሌ እናት ናቸው ከመድኃኒት ቤት ያመጡልኝ። ጉልበተኛውን ነው፣ ይህ ያጸናልሻል ብለው።»

ቅቤው፣ በርበሬው፣ የባዶ ሰፌዱ ጥግ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «ባልሽ ደሙን ሰጥቷል?»

«እሱማ ደህና ነው እማማ። እሱ ምን ሆኖ?»

«ስልክሽን ወዲህ በይ» አልኳት። ወደ ባሏ ደወለችና አቀበለችኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ መምህር ነው፤ ድምፄን ሲሰማ እንዴት ዋሉ እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው እያለ ሰላምታውን አረዘመው። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ጉልበቴም ደህና ነው» አልኩት። «ነገ ጠዋት ከመቅደስ ጋር ሆስፒታሉ በር ላይ እንጠብቅሃለን። አጭር እጅጌ ለብሰህ ና።»